ስክሪኑ አረንጓዴ ነበር

ስለ ራሴ ሳልናገር ብጀምር ታሪኩ መሠረት ያጣል፤ ስለዚህ ከዚያ ልነሣ። እኔ ሬዲዮን ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ገና ቁምጣ ለባሽ ሳለሁ የጎረቤቶቻችንን የተበላሹ ሬዲዮዎች እየፈታሁ እገጥም ነበር። ሳይድኑ የቀሩ ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ድሮውንም የሚድኑ አልነበሩም። ኮምፒውተርን ደግሞ ዴንቨር ከገባሁ በኋላ፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር ከነበረችው ጠባብ አፓርታማዬ በእግሬ እየተመላለስኩ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዬን ተማርኩ። ዛሬ ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ውስጥ ኢንተርኔት እምቢ ያለው ሰው፣ ቄስም ይሁን ሼህ፣ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ግን ቢመካ የሚያምርበት ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰመር እዚያው ኦሮራ፣ ሃቫና በሚባለው ጎዳና ላይ ካለ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። እንደ ወቅቱ ልማድ ከተራሮቹ በኩል ጥቁር ደመና ተነሥቶ የሱቆቹን መስታወት ሁሉ አጥቁሮታል። ዮናታን፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው ፀጉር ቆራጭ፣ ከጆሮዬ በላይ ማሽኑን እያንቀሳቀሰ ሳለ በቤቱ ያለው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ወንበር ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና እንኳ ሳይሉ በአውራ ጣታቸው አጠፉት።

«ምንድነው የሚለው?» አልኩት።

«ናቲንግ ነው ጋሼ። ቶርኔዶ ዋርኒንግ፣ አውሎ ነፋስ ምናምን። ሁልጊዜ ይላል።»

«እስከ ስንት ሰዓት ይላል?»

«አይ ዲድንት ሉክ» አለና ራሴን በሁለት ጣቱ ወደ ጎን አዘነበለው።

በመስታወቱ ውስጥ የራሴን ሽበት፣ ከኋላው ደግሞ የጠቆረውን መንገድ አየሁ። ከዚያም ወዳጄን ኑረዲንን አስታወስኩ፤ አንድ ሰው ሰዓቱን በሚገባ አለመጠየቁ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የማውቀው ከእሱ ጋር በሆነው ነገር ነው።

ነገሩ የሆነው ወጣት ሳለሁ ነው። በዕድሜ ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነበር፤ ነገር ግን ተማሪ ነበርኩ፣ ተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ ወጣት ነው። ኮሌጅ የገባሁት ስለማላውቅ አልነበረም። ኮሌጁ ላብራቶሪ ነበረው፤ ለእኔ የጎደለኝ እሱ ብቻ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ጢም ገና የሚጀምራቸው ነበሩ፤ መጀመሪያ ቀን ስገባ መምህሩ መስዬአቸው ወሬያቸውን አቆሙ። ደስ አለኝ።

አንድ ቀን መምህራችን ስለ አንድ የሬዲዮ ሶፍትዌር ነገረን። ድሮ በሽቦና በብረት ይሠራ የነበረውን የሬዲዮ ሥራ በኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የማንም ንብረት አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ያለ ክፍያ ተባብረው ይጽፉታል፤ ኮዱም ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው ክፍት ነው። ፕሮጀክቱ ተማሪዎችን ይቀበላል፤ የጻፍከውን ትልካለህ፣ ነባሮቹ መርምረው ጥሩ ከሆነ ይጨምሩታል፣ ስምህም ከሠሩት ሰዎች ጋር ይሰፍራል። ማነው የሚሞክረው ሲል በክፍሉ ውስጥ የወጣው እጅ አንድ ብቻ ነበር። የማን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም።

የምሠራውን ነገር የሰጠኝ ኑረዲን ነው። ኑረዲን የመርካቶ ልጅ፣ የዕድሜ እኩያዬ፣ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ሐኪም የሚያመላልስ የቫን ሹፌር ነበር። ብዙ ጊዜ ሥራው ከኦሮራ በስተምሥራቅ ነበር። ያን አገር ላላየ ሰው ልንገር። ከተማው በድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ዛፍ የለም፣ ጉብታ የለም፣ ከነፋስ የሚያስጠልል ግድግዳ የለም፤ አንድ መንገድ ብቻ ቀጥ ብሎ ሰማዩ ውስጥ ይገባል። አንድ ግንቦት እዚያ ሜዳ ላይ እንቁላል የሚያክል በረዶ የቫኑን መስታወት አረገፈበት። ከዚያ ሲመለስ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«አንተ ሬዲዮ ዐዋቂ ነኝ ትላለህ» አለኝ። «እስቲ ሰማዩ ክፉ ሲያስብብኝ ቀድሞ የሚነግረኝ ነገር ሥራልኝ።»

ያኔ ስልክ አይጮህም። የነበረው ቀንና ሌሊት ስለ አየር ጠባይ ብቻ የሚያወራ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። የሚናገረው ሰው ሳይሆን ማሽን ነበር፤ ትንፋሽ የሌለው ድምፅ። ኑረዲን «የሞተ ሰው የሚያነብ ይመስላል» ብሎ መኪናው ውስጥ አያስከፍተውም ነበር። ማስጠንቀቂያ ሲኖር ያ ድምፅ ይቋረጥና ብረት በብረት ሲፋቅ የመሰለ አጭር ጩኸት ይመጣል። ለጆሮ ጩኸት ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ጽሑፍ ነው። የትኛው ካውንቲ ማለትም ወረዳ፣ ምን ዓይነት አደጋ፣ መቼ የተላለፈ፣ እስከ መቼ የሚቆይ፣ ሁሉም በውስጡ አለ። የእኔ ሥራ ድምፁ ተዘግቶ በሽቦ ከተያያዘ ሬዲዮ ያንን ጩኸት አንብቦ፣ ኑረዲን የሚሄድበትን መንገድ የሚመለከተውን ብቻ መርጦ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ማሳየት ነበር። አደጋ ካለ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል። ከሌለ አረንጓዴ ይሆንና በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «ሰላም» ይላል። አማርኛውን የጨመርኩት ለኑረዲን ብዬ ነው።

ያን ሰመር በሙሉ ሠራን። እሱ በሥራ መሐል ኮሌጁ በር ላይ ቫኑን ፓርክ ያደርግና ምሳችንን ውስጡ እንበላ ነበር። ሥጋ አንበላም፤ የእሱን እኔ፣ የእኔን እሱ ስለማንበላ። ሽሮ፣ ምስር፣ አንዳንዴ ሚስቱ ዘሃራ የጠበሰችው የምስር ሳምቡሳ። ፍርፋሪው የላፕቶፑ ፊደሎች መሐል ይገባል፤ እኔ ስቆጣ እሱ ይስቃል።

በጣም የኮራሁበትን ነገር የሠራሁት በእነዚያ ቀናት ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ የሚታተመው ሰዓት የዴንቨር አይደለም፤ ዓለም ሁሉ በጋራ የሚጠቀምበት ሌላ ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ የእጅ ሰዓቴን አሜሪካ ከገባሁም ወዲህ በሐበሻ አቆጣጠር ነው የማስተካክለው። መጀመሪያ የተነበበልኝ ማስጠንቀቂያ ስምንት ሰዓት ከሩብ ይል ነበር። የግድግዳው የፈረንጅ ሰዓት ሁለት ከሩብ ይላል። የእጄን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ። በማግስቱ ደገምኩት፤ ልክ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ልክ ነው።

«ዓለም ለካ የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው» አልኩት ኑረዲንን።

«ለዓለም ንገረው» አለኝ እያኘከ።

የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት በስድስት እንደሚለያይ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገኝም። ኮዱ ላይ ስድስት ብዬ ጻፍኩ፤ አለቀ። በዚያ ላይ ወንፊት ጨመርኩ። መኪና ሲሄድ ድምፁ ይቆራረጥና አሃዞቹ ተበላሽተው ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ያመጡ ነበር። ስለዚህ ገና ካልደረሰ ሰዓት መጣሁ የሚል መልእክት ሁሉ ውሸት ነውና ይጣል ብዬ አዘዝኩ። ሐሳቡ ያኔም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው።

ሐምሌ ላይ ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ኑረዲን ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ገብቶ ቆመ፤ ያልቆሙት ሰዎች መኪና ሲቀጠቀጥ ተቀምጦ አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ እምነቱ ሙሉ ነበር። እኔም አጠናከርኩለት። «ሰማዩን አትይ» አልኩት። «ሰማይ ያታልላል። ስክሪኑን እይ።»

ሥራዬን ወደ ፕሮጀክቱ ላክሁ። የሚመረምረው አንድ ፊቱን አይቼው የማላውቅ፣ ሰሜን አውሮፓ የሚኖር ሰው ነበር፤ ቃል የሚቆጥብ። ብዙውን ተቀበለና አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ይህ ስድስት ከየት መጣ?» አለ። «ከእጅ ሰዓቴ» ብዬ መለስኩ። በማግስቱ የመጣው ከዚያም አጠረ። «ከማን የእጅ ሰዓት?»

ተናደድኩ። ሰመሩን ሙሉ አንዲት ደቂቃ ያልተሳሳተን ነገር እንዲህ ብሎ መጠየቅ ንቀት መሰለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ሥራዬ እዚያው በእንጥልጥል ቀረ፤ የኑረዲን ላፕቶፕ ላይ ግን የእኔው ኮድ መሥራቱን ቀጠለ።

መከሩ ገባ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያሉት ዛፎች ቢጫ ሆነው ረገፉ፤ ማለዳ ማለዳ የመኪና መስታወት መፋቅ ጀመርን። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱበት እሁድ መጣ፤ እኔም የእጄን እንደ ሰው ሁሉ መለስኩ። ወሩ ረመዳን ነበር። በማግስቱ ኑረዲን መጥቶ ምሳዬን ስበላ እያየኝ እንዲህ አለ።

«የማፍጠሪያዬ ሰዓት በአንድ ሰዓት ቀደም አለ። ለማሽኑ ነገርከው?»

«ማሽን አይጾምም» አልኩት።

ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ እሁድ በኋላ ስክሪኑ አንድም ጊዜ ቀይ አልሆነም። ወቅቱ ጸጥ ያለ ነበርና አልገረመኝም። ጣቢያው በየሳምንቱ የሚያስተላልፈው የሙከራ መልእክት እንኳ መታየት አቆመ፤ እነሱ ረስተውት ነው አልኩ። ላፕቶፑ ቫኑ ውስጥ፣ ከሹፌሩ አጠገብ፣ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሰላም ይላል። ሰላም፣ ሰላም፣ ሰላም።

ያ ቀን ሲነጋ ሙቀት ነበረው። በሸሚዝ ብቻ ነው የወጣሁት። የኮሌጁ ሣር ላይ የሚውሉት ዝይዎች ግን አልነበሩም፤ ከወትሮው የተለየ ነገር ያ ብቻ ነበር። እኩለ ቀን ሲቃረብ ነፋሱ ቆመ። በስተሰሜን ከመሬት ጋር ተያይዞ አንድ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ታየ፤ ተራራ እንዳልል እዚያ ተራራ የለም። ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሬዲዮና የኑረዲን ዓይነት ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር ነበሩ።

ያ ብረት የሚፋቅ ድምፅ መጣ። ከኋላው የሞተው ሰው ድምፅ ቀጠለ። የበረዶ ውሽንፍር ማስጠንቀቂያ፤ አዳምስ፣ አራፓሆ፣ ኤልበርት፣ ሊንከን። ዐይን የማያሳይ ነፋስ። ጉዞ ለሕይወት አስጊ ነው። ኑረዲን የሚነዳባቸውን ካውንቲዎች አንድ በአንድ ጠራቸው።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። አረንጓዴ ነበር። ሰላም ይላል።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ሬዲዮውን ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን ከፍቼ የገባውን መልእክት ፈለግኩ። ገብቷል፣ ተነብቧል፣ ተጥሏል። የታተመበት ሰዓት ሰባት ከአርባ ነው። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ከአርባ። የዓለም ሰዓት ወደ ኋላ አይመለስም፤ እኛ ብቻ ተመልሰናል። በክረምቱ ልዩነቱ ስድስት ሳይሆን ሰባት ነው፤ ሐበሻና ዓለም የተገናኙት ለሰመሩ ብቻ ነበር። ወንፊቴ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ገና ካልደረሰ ሰዓት እንደመጣ ውሸት ቆጥሮ ሲጥል ሰንብቷል። የሰሜኑ ሰውዬ የጠየቀኝ ይህንን ነበር። ኑረዲንም የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

ደወልኩ።

«ኑረዲን፣ የት ነህ?»

«ቤኔት ከተማን አልፌያለሁ። ከኩላሊት እጥበት የሚመለስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይዤያለሁ፣ ቤቱ ላይመን አጠገብ ነው። ምነው፣ ራበህ? የምጾመው እኮ እኔ ነኝ።»

«ተመለስ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ተመለስ። ደስ አላለኝም።»

ሳቀ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደስ አላለኝም የምትለው? ስክሪኑ አረንጓዴ ነው።»

«ሰማዩን እየው።»

«ሰማዩን አትይ ያለኝ ማነው?»

መስመሩ ተቆረጠ።

በመስኮቱ በኩል ያ ጥቁር መስመር ወፍሮ ነበር። እንደገና እየደወልኩ የምለውን ፈለግኩ። ላፕቶፑ ተበላሽቷል ልለው አሰብኩ፤ አጥፍቶ ያበራውና ያው ሰላም ይለዋል። በዚያ ቫን ውስጥ የእኔን ቃል የሚሽር አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔው ቃል ነው። በሕይወቴ ተናግሬው የማላውቀውን ነገር መናገር ነበረብኝ።

ሲያነሣው ከድምፁ በስተኋላ ነፋስ ይሰማ ነበር።

«ስማ» አልኩት። «ስክሪኑ ይዋሻል። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ሰዓቱን አበላሽቼዋለሁ። የበረዶ ውሽንፍር እየመጣ ነው።»

ቀስ ብሎ፣ «አሰፋ ነህ?» አለ።

«ነኝ።»

«አሰፋ ነው ተሳሳትኩ ያለው?»

«ነው።»

«በማርያም በል።»

«በማርያም።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ለሽማግሌው በእንግሊዝኛ፣ ዛሬ ቤትህ አንደርስም ሲለው ሰማሁ። መስመሩ እንደገና ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል አልመለሰም።

ውሽንፍሩ ኦሮራ ሲደርስ ከላይ ወደ ታች አልወረደም፤ ወደ ጎን ነው የመጣው። በሸሚዜ እየተንቀጠቀጥኩ ኑረዲን ቤት ሄድኩ። ዘሃራ ቴምሩንና ሳምቡሳውን አቅርባ በመስኮት ታያለች። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች ጠፍተዋል።

«ደውሎልሃል?» አለችኝ።

«ተመልሷል» አልኳት። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። የማፍጠሪያው ሰዓት ደረሰ። እሷ አንድ ቴምር አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገባው ነፋሱ ነው። ከዚያ ኑረዲን ሽማግሌውን ደግፎ ገባ፤ የሁለቱም ቅንድብ ነጭ ሆኖ ነበር። ዘሃራ ለእንግዳው ቴምር አቀረበች። ሽማግሌው እጁን አወዛወዘ። ቴምር ለኩላሊቴ ተከልክያለሁ፤ በረዶው ሳይገድለኝ ብተርፍ ሐኪሜ ይገድለኛል አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ በኋላ ግን ሳምቡሳውን ደጋግሞ ሲያነሣ ሁላችንም ሳቅን።

ኑረዲን ውኃ ጠጥቶ ሲጨርስ ነገረን። ከአውራ ጎዳናው መውጫ ላይ ወደ ኋላ ሲዞር አንድ ቀይ የጭነት መኪና አልፎት ወደ ፊት ሄደ። ሹፌሩ በመስኮቱ እጁን አንሥቶ ሰላም ብሎታል። ብዙም ሳይቆይ ከኋላቸው መንገዱ ተዘጋ። ያ ሰው የት እንደደረሰ አላወቅንም፤ የምንጠይቀውም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ላፕቶፑን ከብብቱ አውጥቶ በሳምቡሳው አጠገብ አስቀመጠውና ከፈተው። ነፋሱ መስኮቱን እየደበደበ ነበር። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ሰላም ይላል። አራታችንም አየነው። ኑረዲን አልወቀሰኝም፤ በአንድ ጣቱ ክዳኑን ዘጋው፣ ያ ብቻ።

በዚያው ሳምንት ስድስቱን አጠፋሁት። ፕሮግራሙ ሰዓቱን ከማንም የእጅ ሰዓት ሳይሆን ከራሱ ከኮምፒውተሩ የጊዜ ቀጠና እንዲጠይቅ አደረግኩ። አንድ ነገርም ጨመርኩ። የሳምንቱ የሙከራ መልእክት ካልደረሰው ስክሪኑ ቢጫ ይሆንና «አላውቅም» ይላል። ከዚያ ለሰሜኑ ሰውዬ፣ «ከማን የእጅ ሰዓት?» ላለኝ ያሳደርኩትን መልስ ላክሁለት፤ «ከእኔ» አልኩት። እሱም «ጥሩ፣ ሥራህ ገብቷል» አለ። ሌላ ተለዋውጠን አናውቅም።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ዮናታን አንገቴን በብሩሽ ጠራርጎ ሲጨርስ፣ ስልኩን አውጣና እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ። ሰዓቱ አላለፈም ነበር። ሁላችንም ከመስታወቱ ርቀን ወደ ኋላኛው ክፍል ገባን፤ እነዚያ ተራ ጠባቂዎችም እያጉረመረሙ ተከተሉኝ። በክፍሉ በር በኩል መንገዱ ላይ ቆሻሻ መጣያ ሲንከባለል አየን፤ አውሎ ነፋሱ በሌላ በኩል አለፈ። ከእኔ በቀር ሰዓቱን የጠየቀ አልነበረም፤ ይህ ቢያኮራኝ አይፈረድብኝም። ሰዎች በእጃቸው ያለው ነገር ሲጮህ ያጠፉታል፤ ዝም ሲል ደግሞ ያምኑታል። እኔ የምፈራው ዝም ሲል ነው።

እንግዲህ እኔ የሠራሁት ይህ ነው። ያለ አስተማሪ ሬዲዮ ተምሬያለሁ። ጩኸትን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ኮድ ጽፌያለሁ፤ ስሜም ማንም ከፍቶ ሊያነበው በሚችል ቦታ፣ ከታላላቆቹ ጋር ሰፍሯል። አማርኛን ሬዲዮ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቻለሁ። ከእኔ በኋላ የመጡ የኮሌጅ ተማሪዎችን፣ አንዳንዶቹን በግድ፣ ሥራቸውን ለፕሮጀክቱ እንዲልኩ አድርጌያለሁ። ማሽንን «አላውቅም» ማለት አስተምሬያለሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳምቡሳ እንዲወድ አድርጌያለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ከቤኔት ወዲያ፣ ወዳጄ እኔን ማመኑን በሰዓቱ እንዲያቆም ማድረግ ችያለሁ።